ጎማው ላይ ያለው «13» የማን ዓመተ ምሕረት ነው?

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጠራ። እንጅባራ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነበር። መንገድ ላይ ሆኖ የመደወል ልማድ የለውም። ከስብሰባው ወጥቼ ሳነሳው የመጀመሪያ ቃሉ «ደህና ነን» ሆነ። ወሬውን «ደህና ነን» ብሎ የሚጀምር ሰው ደህና ያልሆነ ነገር እንደገጠመው ማን ይስታል?

አይሱዙዋ የዲከረንስ ከሰል ጭና ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ እየመጣች ነበር። ከደጀን ወርዳ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ፣ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስትያያዝ የግራ የፊት ጎማዋ ፈነዳ። ዳገት ስለነበር ፍጥነት አልነበራትም። ወንድሜ መሪውን ታግሎ ዳር አስያዛት። እሱም ረዳቱም አንድም ጭረት አልነካቸውም። ጎማው ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ቁልቁለቱ ላይ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ያሰብኩት ማታ ቤት ገብቼ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያቺ አይሱዙ የቤተሰባችን ንብረት ናት። እናታችን ባሕር ዛፏን ሸጣ፣ ወንድሜ ዕቁቡን አውጥቶ፣ እኔ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ፣ የቀረውን ደግሞ ባንክ አበድሮን ነው የገዛናት። ይህን መጽሔት ከምታነቡ ቤተሰቦች መካከልም እንዲህ «አገር ቤት የምትሠራ» መኪና ያላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። የብድሩን ክፍያ፣ የኢንሹራንሱን ቀን፣ የቦሎውን ጊዜ በካላንደር ላይ ምልክት አድርገን እንከታተላለን። ጎማ ግን «የሾፌሩ ጉዳይ» ነው ብለን እንተወዋለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያን ሐሙስ ግን የሾፌሩ ጉዳይ የተባለው ነገር ወንድሜን ሊያሳጣኝ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ የፈነዳው ጎማ ከተገዛ ገና አንድ ወሩ ነበር። ወንድሜ ሲገዛውም ዝም ብሎ አልገዛም። ጎማ የተሠራበት ቀን በጎኑ ላይ እንደሚጻፍ ከሾፌር ጓደኞቹ ሰምቷል። ፈልጎም አገኘው። «2613» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን እንደሚያሳዩም ያውቃል። ስለዚህ 26ኛው ሳምንት፣ 2013 ዓ.ም. ብሎ አነበበው። ከመስከረም ጀምሮ በጣቱ ቆጥሮ የካቲት መጨረሻ ላይ ደረሰ። የገዛበት ወር ሚያዝያ 2013 ነው። «ከፋብሪካ ከወጣ ሁለት ወር አልሞላውም!» ብሎ ተደስቶ ከፈለ። ሻጩም አላረመው።

ፋብሪካው ግን በእኛ አቆጣጠር አይጽፍም። እ.ኤ.አ. የ2013 26ኛው ሳምንት በእኛ ሰኔ 2005 ዓ.ም. ነው። ጎማው «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረው።

ይህ ስሕተት የወንድሜ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በመሆኑ፣ ልክ ያን ያህል ዘመን መጋዘን ውስጥ የቆየ ጎማ ሲያዩት የዘንድሮ ይመስላል። ከሌላው ሁሉ በላይ ያረጀው ጎማ ነው አዲስ መስሎ የሚታየው። ስለዚህ ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ ይህችን ሒሳብ ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከ37 በታች ከሆኑ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ፣ 37 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 7 ቀንሱ። ለምሳሌ «3522» ቢል ነሐሴ 2014 ነው። ቁጥሩ የሚገኘው «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚታተም ጎማውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ «ምን ያገላብጥሃል?» ቢል አትፈሩ፤ ብራችሁ ነው።

በአዊ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞቹን በዓል ለማየት እንጅባራ የሄደ ሰው በዚያ አገር ስለ ፈረስ የማያውቅ ሰው እንደሌለ ይረዳል። ወንድሜም ልጅ ሆኖ የፈረስ ዕድሜ በጥርስ መለየት ከአያታችን ተምሯል። ሾፌሮችም የጎማን መርገጫ «ጥርስ» ነው የሚሉት። ችግሩ የጎማ ጥርስ ዕድሜ አይናገርም። ያ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ጥቁረቱም ያንጸባርቅ ነበር። ላስቲኩ ግን ውስጡ ደርቆ ነበር። ላስቲክ በአየር፣ በሙቀትና በፀሐይ ምክንያት ሳይሠራም ያረጃል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ጎማው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላውም ጥርሱ ቢኖርም እንዲወርድ ይመክራሉ። ቀዝቃዛና ጨለማ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠና ሱቅ ደጃፍ ላይ ተከምሮ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ እኩል አያረጁም። ስለዚህ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን የት እንደከረመም ጠይቁ። የጎማውን ጎን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ስታዩት ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ከታዩ ትታችሁ ሂዱ።

ጎማው ከፈነዳ በኋላ እንጅባራ ሄጄ ሦስት ቀን ከረምኩ። ወንድሜ ሁለተኛ በዋጋ ብቻ አልገዛም ብሏል። ምን እንደሚገዛ ግን አላወቀም፤ እኔም አላውቅም። በቢዝነስ ተመርቄ በማርኬቲንግ ክፍል ነው የምሠራው። «ለሁሉም መንገድ ተስማሚ» የሚል ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ የማላምነውም ለዚያ ነው። ለሁሉም መንገድ የሚሆን ጎማ የለም። የእኛ አይሱዙ ደግሞ በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት መንገድ ነው የምትሄደው።

ከእንጅባራ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አስፋልት ነው። ከሰሉ የሚጫነው ግን አስፋልት ዳር አይደለም። ከሰሉ የሚወጣባት ዲከረንስ የምትባለው ዛፍ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው በገበሬው ማሳ ላይ የምትተከል ናት። እዚያ ለመድረስ ከአዲስ ቅዳም ወይም ከሌላ ከተማ ተገንጥሎ በኮረኮንችና በጥርጊያ መንገድ መግባት ይጠይቃል። በጋ ላይ ስለት ያለው ጥቁር ድንጋይ አለ። ክረምት ላይ ደግሞ ቀዩ አፈር ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ አዊ ዝናብ እንደማይሳሳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ሁሉ ወጥታ አስፋልት የያዘች መኪና ናት ሙሉ ጭነት ይዛ የዓባይ በረሃን የምትወርደው። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነስቶ ድልድዩ ጋ ከ1100 ሜትር በታች ይደርሳል። ብርዱ አገር ተነስታ ሙቀት ውስጥ ትገባለች፤ ፍሬን የሚፈጥረው ግለትም በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል።

በከተማው ሃያ ዓመት የሠሩ አንድ ጎሚስታ ጋ ሄድን። ወንድሜ «ጋሼ፣ እስቲ ለእህቴ ያስረዷት፤ ብሩን የምትከፍለው እሷ ናት» አላቸው። እሳቸውም ሳቁና የፈነዳውን ጎማ አንስተው ውስጡን አሳዩኝ። ክሮቹ ተበጣጥሰው እንደ ተነጨ ፀጉር ቆመዋል። «ይኸው እቴ፤ ተቃጥሏል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ነው ከአምራቾች መመሪያ ጋር እያመሳከርኩ የምጽፍላችሁ።

የጭነት መኪና ጎማ በአሠራሩ ሁለት ነው። አንደኛው የናይለን ክር አግድም እየተጠላለፈ በብዙ ንብርብር የተሠራው ባያስ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ክሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድና ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ቀበቶ ያለው ራዲያል ነው። ራዲያልን ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው ያስመዘገበው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የአይሱዙ ኤንፒአር ጎማ መጠን በተለምዶ 7.50 በ16 ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሰረዝ ካለ ባያስ፣ «አር» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ራዲያል ነው።

ባያስ ጎኑ ወፍራም ነው። ድንጋይ ቢቧጭረው ይችላል፣ በየገጠር ከተማው ይጠገናል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ነገር ግን ንብርብሮቹ በዞረ ቁጥር እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ይግላል፤ በረጅም አስፋልት ላይም ቶሎ ያልቃል። ራዲያል ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል፣ ጥርሱ ይቆያል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ድክመቱ ጎኑ ስስ መሆኑ ነው። ስለታም ድንጋይ በጎኑ ከገባበት ጥገና የለውም። እንግዲህ ዓባይን የምትወርድ መኪና ራዲያል ትፈልጋለች፣ ድንጋይ ውስጥ የምትገባ መኪና ባያስ ትፈልጋለች። የእኛዋ ሁለቱንም ናት።

ጎሚስታው የሰጡን መልስ ጎማን በመኪና ሳይሆን በአክስል ምረጡ የሚል ነበር። የፊት ጎማ መሪ ነው። ሲፈነዳ ሾፌሩን የሚጥለው እሱ ስለሆነ፣ ብሩ ካነሰ ከኋላ ይቀነስ እንጂ ከፊት አይቀነስም። ለፊት ራዲያል፣ ጥርሱ በዙሪያው ቀጥ ያለ መስመር ያለው፣ ዕድሜው ከሁሉም ትኩስ የሆነ። ዳግም የታደሰ ጎማ ፊት ላይ አይገባም። በአሜሪካ ሕግ ዳግም የታደሰ ጎማ በአውቶቡስ ፊት ላይ ማሰር ክልክል ነው፤ የከባድ መኪና የፊት ጎማ ጥርስም 3.2 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ መውረድ አለበት። ለኋላ ደግሞ ኃይል የሚገፋው እሱ ስለሆነ፣ ጎላ ጎላ ያለና መካከሉ ሰፋ ያለ ጥርስ ይፈለጋል። ሰፊው ክፍተት ጭቃውን እየዞረ እንዲያራግፍ ነው፤ ጠባብ ከሆነ ቀዩ አፈር ይሞላውና ጎማው እንደ እንቁላል ይላጫል።

እዚህ ላይ ወንድሜና እኔ ተጣላን። እሱ ያየው ጭቃ ውስጥ ያደረበትን ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ስድስቱም ጎማ ትልልቅ ጥርስ ያለው ይሁን አለ። እኔ ያየሁት 450 ኪሎ ሜትሩን ነው። ትልልቅ ጥርስ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ይግላል፣ እየተንጓለለም ያልቃል። እናታችን ቡና እያፈላች ሁለታችንንም ሰማችን፤ በመጨረሻም «ጫማም እኮ ለገበያና ለእርሻ አንድ አይደለም» አለች። ያስታረቀን ለኋላ አራቱም የተገዛው፣ መሀሉ ደፈን ብሎ ትከሻው ላይ ብቻ ጎላ ያለ ጥርስ ያለው ራዲያል ነው። ባያስ መኪናው ላይ አልቀረም። ሁለቱን በአንድ አክስል ማቀላቀል፣ ይልቁንም በመንታው ላይ ጎን ለጎን ማሰር አይፈቀድም። አንደኛው ሲተጣጠፍ ሌላው ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል። ስኮርታው እንኳ ከፊቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት፤ የዚያን ጊዜ ግን ብር አልደረሰንም።

ስለ ጭነት ደግሞ ጎማው ራሱ ይናገራል። ጎኑ ላይ «122/118» ቢል፣ ለብቻው ሲታሰር 1500 ኪሎ፣ በመንታ ሲታሰር ደግሞ እያንዳንዱ 1320 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። «14 ፒ.አር» የሚለው የጥንካሬ ደረጃ እንጂ አሥራ አራት ንብርብር አለው ማለት አይደለም። ይህ ሁሉ ግን ንፋሱ በልኩ ሲሆን ነው። «ትንሽ ልጨምርላት» ተብሎ የሚጫን እያንዳንዱ ኩንታል ከዚህ ቁጥር ላይ ነው የሚቀነሰው። ከሰል ቀላል ነው ተብሎ ካቢናውን አልፎ ሲከመር፣ በመታጠፊያ ላይ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን እንደሚያጋድልም አትርሱ።

አሁን ወደ ንፋስ ልምጣ፤ ብዙ ጎማ የሚሞተው በዚህ ነውና። የኛ ሾፌሮች ጎማን በእግራቸው ረግጠው ወይም በመዶሻ መትተው «ደህና ነው» ይላሉ። ጎሚስታው ራሳቸው በመዶሻ ድምፅ መንታውን ሲለዩ አይቻለሁ፤ ባዶ የሆነ ጎማ በእርግጥ ይታወቃል። ሩቡን ያጣ ጎማ ግን በመዶሻ አይታወቅም። ገዳዩም እሱ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ክሩን ከላስቲኩ ያላቅቃል። ፍንዳታው የሚመጣው በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ነው። የንፋስ መለኪያ ከአንድ ከመነዳሪ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ገዝታችሁ ለሾፌራችሁ ስጡት።

የከፍታው ነገር ደግሞ ለእኛ ልዩ ነው። እንጅባራ ጠዋት በ15 ዲግሪ ብርድ 100 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ፣ ውስጡ ያለው አየር 40 ዲግሪ ሲደርስ መለኪያው ወደ 110 ይጠጋል። በረሃው ውስጥ ከፍታው ስለሚቀንስ ሁለት ያህል ይወርዳል፤ ሙቀቱ ግን ያሸንፈዋል። ሾፌሩ ድልድዩ ጋ ወርዶ ሲለካ «በዛ» ብሎ ንፋስ ያስተነፍሳል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ጎማው ሲሠራ ይህ ጭማሪ ታስቦበታል። ያስተነፈሰው ጎማ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል፤ በማግሥቱም ጭነት ይዞ የሚሄደው በዚያው ነው። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው።

ስለ ከመነዳሪም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ጎማ በአሮጌ ከመነዳሪ ማሰር የተለመደ ቁጠባ ነው። አሮጌው ከመነዳሪ ተለጥጦ ስለሚሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይሸበሸባል፣ በሽብሽቡ ላይም ይቀደዳል። የመንታ ጎማ ካላችሁ ደግሞ በሁለቱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ አስፋልት ከመያዙ በፊት ይውጣ። ድንጋዩ ጎማውን ይበላዋል፤ ተወንጭፎም ከኋላ የሚመጣውን የቤት መኪና መስተዋት ያገኛል። ቤተሰብ ይዛችሁ ዓባይን ስትወርዱ ከጭነት መኪና ኋላ ራቅ በሉ የምለው ለዚህ ነው።

ዋጋውስ? በሥራዬ የተማርኩት ነገር የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ጎማ በፍሬ አይወዳደርም፤ በኪሎ ሜትር ነው። ለስሌት ያህል፣ በ20 ሺህ ብር የተገዛ ጎማ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለኪሎ ሜትር 67 ሳንቲም ገደማ ነው። በ32 ሺህ ብር የተገዛው 65 ሺህ ቢሄድ 49 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ርካሹ ውድ ሆነ ማለት ነው። ወንድሜ አሁን ደብተር አለው፤ ጎማው የታሰረበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ «የቢሮ ሰው አደረግሽኝ» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ስለ ብራንድ የምትጠይቁኝ ካላችሁ ስም አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአገራችን ፋብሪካ፣ የዛሬው ሆራይዘን አዲስ ጎማ፣ ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ግን ከውጭ የሚገባ ነው። በኔ አስተያየት ጥሩ ስም ያለው የስምንት ዓመት ጎማ፣ ስሙን ከማታውቁት የስድስት ወር ጎማ የባሰ ነው።

የቤት ፒክአፕ ያላችሁም ዕድሜውንና ንፋሱን በዚሁ መንገድ ነው የምታዩት። ለፋሲካ አገር ቤት ደርሶ ለሚመለስ መኪና ግን ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ለጎረቤት ማሳያ ካልሆነ በቀር አያስፈልግም።

ያ «2613» የተጻፈበት ጎማ አሁንም እንጅባራ ግቢያችን ውስጥ አለ። በረባሶ የሚሠራ ሰው ሊገዛው መጥቶ፣ ላስቲኩን በቢላዋ ሞክሮ «ይህስ ለጫማም አይሆን፤ ይፈረፈራል» ብሎ ትቶት ሄደ። እናቴ ያልተቀደደውን ወገን አስቆርጣ የዶሮ ውኃ መጠጫ አደረገችው። ወንድሜ አዲስ ጎማ ሊገዛ ሲሄድ አሁንም የቁጥሩን ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔም ስብሰባ ላይ ብሆን እንኳ ስልኬን ከጠረጴዛው በታች አድርጌ ስምንት እቀንሳለሁ።